«ዋስ አለህ?» ከማለታችን በፊት

(ኮምቦልቻ ውስጥ ለአሠሪዎች፣ ለቅሬ (ለዕድር) መሪዎች፣ ለቀበሌ ሠራተኞችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁም፣ እዚሁ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሱቅ ዘግታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልዞር ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ልጅ ጋር ወደ አንድ ድርጅት ሄጄ ነበር። ድርጅቱን አልጠራም፣ ልጁንም አልጠራም። ከሳዑዲ ከተመለሰ አምስት ወሩ ነው። ብየዳ ይችላል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት፣ በጥሩ ሁኔታ ተቀበለችን። ልጁን ጓሮ ወስደው ፈተኑት፤ ብረት አበየደ፣ አለፈ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችው። ቋሚ ሥራና በቂ ደመወዝ ያለው ዋስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጋር ይላል። ልጁ ወረቀቱን አነበበው። ለሁለት አጠፈው፣ ደግሞ ለአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። «እሺ፣ አመጣለሁ» አላት። ደረጃውን ስንወርድ ነው ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ከማን?» ያለኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህች «ከማን?» ስለምትባል ጥያቄ ነው።

ልጁ ሳዑዲ ሳለ ካፊል ነበረው። ዓረብ አገር የሠራችሁ ካፊል ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቃሉ በዓረብኛ ዋስ፣ ተያዥ ማለት ነው። ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ በእሱ በኩል ነው የሚወጣው። ብዙዎች ፓስፖርታቸውን የወሰደባቸው እሱ ነው። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሠራተኛ አሠሪ መቀየር እንዲቀለው ሕጓን ስታሻሽል የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ አድርጋለች፤ እህቶቻችን በብዛት የሚሠሩት ደግሞ የቤት ሥራ ነው። እንግዲህ አስቡት። ካፊል ካንገላታው አገር ወጥቶ ወደ ወገኑ የተመለሰ ልጅ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ያንኑ ቃል በአማርኛ ነው። ዋስ አምጣ።

ይህን የምለው አሠሪውን ለመውቀስ አይደለም። ማሽን ውድ ነው፤ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው መፍራቱ ተገቢ ነው። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ ከአያቴ ነው የሰማሁት። አያቴ ግን ገበያ ስትወጣ የቤቷን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥታ ነበር የምትሄደው። ተረቷ አንድ፣ ኑሮዋ ሌላ። እዚህ አገር ከብት በአደራ ይሰጣል፣ ልጅ በአደራ ይሰጣል፣ ዕቁብ ያለ ፊርማ ይጣላል። እስላሙ «አማና» ይለዋል፣ ክርስቲያኑ «አደራ» ይለዋል፣ ወሎ ውስጥ ሁለቱም ሁለቱን ቃል ያውቁታል። እምነት አጥተን አይደለም። እምነታችን የሚያውቀው የሚታወቅን ሰው ብቻ መሆኑ ነው ችግሩ።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። አሁን የያዛችሁትን ሥራ እንዴት አገኛችሁት? ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብባችሁ ነው? ወይስ አንድ ሰው «እዚያ ቦታ ሰው ይፈልጋሉ፣ ሂድ፣ እኔ ነኝ የላክሁህ በላቸው» ብሏችሁ ነው? ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ይህንኑ ጉዳይ አንሥቶ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ሥራ የሚያገኘው በሚያውቀው ሰው በኩል እንደሆነ አየ። የሚገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ሥራውን የጠቆመው ሰው ብዙውን ጊዜ የቅርብ ወዳጅ አይደለም። አልፎ አልፎ የሚያገኙት፣ ሰላም ተባብለው የሚተላለፉት ሰው ነው። ምክንያቱም የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው። ራቅ ያለው ሰው ግን ሌላ ሰፈር ያለውን ወሬ ያመጣልሃል።

ይህ ለእንግዳ ሰው ምን ማለት ነው? ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች እናት ወዳጅ አላጣችም። አብረዋት የተፈናቀሉ ዘመዶቿ፣ አብረዋት መጠለያ ያሉ ጎረቤቶቿ አሉ። በጣም ይዋደዳሉ። ግን ሁሉም ሥራ የላቸውም። «እኔ ነኝ የላክሁሽ በያቸው» የሚላት፣ ስሙን ስትጠራ በር የሚከፈትላት ሰው ነው የሌላት። የጎደላት እሱ አንድ ሰው ነው።

ስለ ማን እንደምናገር ግልጽ ላድርግ። በአንድ ስም «ስደተኛ» ብንላቸውም አንድ አይደሉም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደግሞ ሌሎች 100 ሺህ ገደማ ሰዎችን ለመመለስ በረራ ተጀመረ። ደቡብ ወሎ ከእነዚህ ስንቱ ልጁ እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም፤ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት የትኛው ነው? ከዚያ ከሌላ ክልል የተፈናቀሉ አሉ። ከሌላ አገር ተሰደው የመጡም አሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራት መብት ሰጥቷቸዋል። እዚህ እኛ ዘንድ ቁጥራቸው ብዙ ስላልሆነ ስለ እነሱ ዛሬ አላስረዝምም።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ አለ፤ አይጠየፍ። ሀብታሙም ድሀውም ገብቶ ስለሚበላበት፣ ማንንም ስለማይጠየፍ ነው ስሙ። እንኮራበታለን፣ ልንኮራም ይገባል። ወሎ እንግዳ ማብላት አያቅተውም። ተፈናቃይ ሲመጣ በቆሎ ቆልቶ፣ እንጀራ ጠቅልሎ፣ ጋቢውን አውልቆ የሰጠው ይህ ሕዝብ ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ለሚበላ ሰው ዋስ አንጠይቅም። ለሚሠራ ሰው ግን እንጠይቃለን። ያበላነውን ሰው አዝነንለት ነው ያበላነው፤ ሥራ ልንሰጠው ግን ማዘን አይበቃም፣ ማመን ያስፈልጋል። በማዘንና በማመን መካከል ነው ብዙው ሰው ወድቆ የሚቀረው። ዓመት ሙሉ እየበላ፣ ሳይሠራ።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ እናት ናት። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ከተፈናቃዮቹ አንዷን ያለ ዋስ ቀጠረቻት። «እንዴት ደፈርሽ?» አልኳት። «አልደፈርኩም፣ ፈራሁ እንጂ» አለችኝ። «ፈርቼ ነው ያስገባኋት።»

ያደረገችውን ስሙ። የመጀመሪያው ቀን ማታ እንጀራውን ልትቆጥር ተነሣች። ልጅቷ ልትወጣ ስትል «ነይ፣ አብረን እንቁጠር» አለቻት። ሁለቱም ሰፌዱ አጠገብ ተንበረከኩ። አንዷ ታነሣለች፣ ሌላዋ ትቆጥራለች። አሥር ሲሞላ ይለያል። በማግስቱም እንዲሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ። «ለብቻዬ ብቆጥር ሌባ አድርጌያታለሁ ማለት ነው» አለችኝ። «አብረን ስንቆጥር ግን ሒሳብ ነው።» እኔ ስንት ስልጠና ተቀምጫለሁ፣ ስለ መተማመን ይህን የሚያህል ነገር የነገረኝ የለም። ቁጥጥር እምነትን አይገድልም። በድብቅ ሲሆን ነው የሚገድለው።

ክፍያውን በየሳምንቱ አደረገችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው ሠላሳ ቀን መጠበቅ አይችልም። ለእሷም ይሻላታል፤ ቢበላሽ የሚበላሸው የሳምንት ነው። በሁለተኛው ወር ሐርቡ ለቅሶ ገጠማት። ማደር ነበረባት። የምግብ ቤቶቹ ትእዛዝ አለ። ቁልፉን ለልጅቷ ሰጥታ ሄደች። «ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ለሟቹ ነው ለቁልፉ ነው ያለቀስኩት አላውቅም» ትላለች። በማግስቱ ከሰዓት ስትመለስ ልጅቷ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ቁልፉን አወጣች። ከዚያ ወደ ውስጥ ይዛት ገብታ ግድግዳውን አሳየቻት። ጽሕፈት አትችልም። በቡና ከሰል ጭረት አድርጋለች። ለአሥር እንጀራ አንድ ጭረት፣ አሥር አሥሩ ተለይቶ፣ ለየምግብ ቤቱ በየረድፉ። ገንዘቡም ልክ ነበር። ያ ግድግዳ ከዚያ በኋላ ቀለም ተቀብቷል፤ ያችን ቦታ ግን አላስነካችም። ሄጄ አይቻታለሁ።

እንደዚህ ሁልጊዜ አይደለም። እሱንም ልናገር፣ አለዚያ አታምኑኝም። ደሴ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ከስደት የተመለሰ ልጅ ቀጠረ። ወዶታል። ልጁ «እናቴ ታማለች» ብሎ የሁለት ወር ደመወዝ ቅድሚያ ወሰደ። በሦስተኛው ቀን በባቲ መስመር ወጣ። ገንዘቡ ለደላላ ነበር። ሰውየው አሁንም ሲያወራው ፊቱ ይለዋወጣል። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ተጎድቷል። ገንዘቡን ሊመልስለት የሚችል ንግግር የለኝም። ያከበርኩት ግን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ሌላ ልጅ አልቀጥርም አላለም። ደንብ አወጣ። በሦስት ወር ውስጥ ቅድሚያ ክፍያ የለም፤ ከዚያ በኋላ ከሳምንት ደመወዝ አይበልጥም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም እኩል ይነግራል። የደሴውም ልጅ፣ የሰፈሩም ልጅ፣ እንግዳውም ይሰሙታል። ዛሬ ሁለት ተመላሾች አብረውት ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ለአሠሪዎች አንድ የሕግ ነገር ላንሣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ እስከ 60 የሥራ ቀን። 60 የሥራ ቀን ቀላል ጊዜ አይደለም። ሰው በ60 ቀን ሰዓት ያከብር እንደሆነ፣ ዕቃ ይጠብቅ እንደሆነ፣ ሲሳሳት ይናገር እንደሆነ ይታወቃል። ሕጉ ራሱ «ሞክረህ እመን» ብሎ በር ከፍቶልናል። ለገንዘብ ያዥና ለንብረት ክፍል ዋስ ጠይቁ፣ አልከለክልም። ለልብስ መስፊያ፣ ለጭነት፣ ለጽዳት፣ ለብየዳ ረዳት ግን ለምን? ያንን ወረቀት ማን እንደጻፈው እንኳ የማናውቅበት መሥሪያ ቤት ስንት ነው። አንዱ ከሌላው ኮፒ አድርጎት ነው።

እስካሁን ያወራሁት እኛ እነሱን ስለ ማመናችን ነው። አሁን የሚከብደኝ ይመጣል። እነሱስ እኛን ለምን ያምኑናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ፕሮጀክት ጋር እሠራ ነበር። ተመላሽ ወጣቶችን መዘገብን። ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ስልክ፣ «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?»፣ ሁሉም ተሞላ። መጨረሻ ላይ ብድግ ብዬ «በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደውላለን» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። በጀቱ ዘገየ፣ ከዚያ ተቀየረ፣ ከዚያ ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። አልደወልንም። «አልተሳካም» ብለን እንኳ አልደወልንም። ምን ብዬ እደውላለሁ ብዬ ነው፣ አፍሬ።

ከወራት በኋላ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አንዱን አገኘሁት። ትንሽ ቦርሳ ይዟል። የቦርሳው ትንሽነት ወዴት እንደሚሄድ ነገረኝ። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለኝና አንገቱን ደፋ። እኔን አይቶ እሱ አፈረ። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በጅቡቲ፣ በኦቦክ በኩል፣ በባሕር ወጣ። ስንቱ ጀልባ የተገለበጠበት ባሕር ነው። የመን መድረሱን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ይህን ስናገር አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ደላላው ለምን ይታመናል እንላለን። ልጆቹ ደላላው እንደሚዋሽ ያውቃሉ፤ የዋህ አይደሉም። ግን ደላላው ስልክ ያነሣል። ማታ ሦስት ሰዓት ብትደውልለት ያነሣል። የሰፈር ሰው ነው፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ እናትህን በስም ያውቃታል። «ሐሙስ እንነሣለን» ካለ ሐሙስ ይነሣል። እኛ እውነት ተናጋሪዎቹ ግን ስልክ አናነሣም። ቀጠሮ እናስተላልፋለን። ልጁ በሐሰተኛው ዘንድ የተከበረ ቃል፣ በእውነተኛው ዘንድ የተጣለ ቃል አየ። ማንን ይመን?

ደመወዙንም እንደብቃለን። ይህ በተለይ ይጎዳል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንት ተስፋ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2022 መጀመሪያም አገሪቱ በአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመሸጥ ዕድሏን አጣች። ሥራው የሚያወላዳ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። አገራችን ደግሞ ለግል ድርጅቶች የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም። በሪያል ስትቆጥር የኖረች ልጅ መነሻ ደመወዙን ስትሰማ ትደነግጣለች። ግን የምትደነግጠው መቼ ነው? ስልጠናውን ጨርሳ፣ ቤት ተከራይታ፣ የወሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ተታልያለሁ ትላለች፤ እውነቷን ነው። በመጀመሪያው ቀን ብትነገር አንድም ትተወዋለች፣ አንድም አውቃ ትገባለች። አውቃ የገባች ትቆያለች።

ታዲያ ዋስ የሌለው ሰው ምን ይሁን? እኔ የማስበው ወደ ቅሬያችን ነው።

ካናዳ እንደ ፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ የምትሠራበት መንገድ አለ። እስከ 2024 ድረስ አምስት ተራ ዜጎች ተሰብስበው «ይህን የስደተኛ ቤተሰብ እኛ እንቀበላለን» ብለው ይፈርሙ ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ቤት ያገኙለት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገቡ፣ ሥራ ያፈላልጉ ነበር። በዚህ መንገድ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። በዚህ መልክ የገቡት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመንግሥት በኩል ከገቡት ይልቅ ቶሎ ሥራ ይይዛሉ። አንዱ ምክንያት ብዙዎቹ ቀድሞም እዚያ ዘመድ ያላቸው መሆኑ ነው። ግን ዘመድ የሌለውም ቢሆን አምስት ሰው ስሙን አበድሮታል፤ አምስት ሰው በየፊናው «አንድ የማውቀው ሰው አለ» ይልለታል።

እኛ ይህን ከካናዳ መማር የለብንም። ቅሬ አለን። ቅሬ ማን በማን ቤት እንዳደረ ያውቃል። የቅሬ አባል የሆነ ሰው ለማንም ጠፍቶ አይሄድም፤ መቀበሪያውን የሚተው የለም። ከአንድ ቅሬ ሦስት ሰው ቢፈርም፣ «ይህን ሰው እናውቀዋለን፣ ቤቱ እዚህ ነው፣ ችግር ቢፈጠር መጥታችሁ አነጋግሩን» ብሎ፣ ገንዘብ ልክፈል ሳይሆን ላነጋግር ብሎ፣ ይህ ለአንድ ወርክሾፕ ከደብዳቤ በላይ ነው። ካፊል ሰውን በእጁ የሚይዝ ዋስ ነው። ይሄኛው ስሙን የሚያውስ ዋስ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ይህን ሐሳብ ለሁለት ቅሬዎች አቅርቤ ነበር። አንደኛው «እኛ ቀባሪ እንጂ ቀጣሪ አይደለንም» አለኝ። አልፈርድም፣ ሸክም ነው። ሁለተኛው ተወያየና መጀመሪያ ተፈናቃዮቹ ራሳቸው ቅሬ ይግቡ አለ። መዋጮ ለስድስት ወር ተነሣላቸው፤ ለቅሶ ግን ይደርሳሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። በዚያ ሁለት ሦስት ለቅሶ ላይ አንድ የብሎኬት ማምረቻ ባለቤት አንዱን ሰው ሲሠራ አየው። ዋስ አልጠየቀውም። ስሙን ጠየቀው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ልጅ አዝላችሁ፣ ቤታችሁን ሳትቆልፉ የወጣችሁ ናችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ እስክንመለስ የሰው ቤት ነበርን። እኔ በዚያ ጊዜ አንድ የማላውቀው ሰው ሱቁን እንድጠብቅለት ሰጥቶኛል፤ መታወቂያዬን እንኳ አላየም። «አብሽር፣ ቀን ያልፋል» ብሎኝ ነው የሄደው። አንድ ሱቅ ሙሉ ሸቀጥ ትቶልኝ። በዚያ ቀን ያደረኩትን ያህል ዕቃ ጠብቄ አላውቅም።

አሁን የምለምናችሁ ነገር አለ። መውጫው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አለ። ሦስት መስመር ነው ያለው፤ የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ቀን። ቦታ ያላችሁ አሠሪዎች ጻፉበት። የሌላችሁ አትጻፉ፣ ለይሉኝታ ብላችሁ እንዳትጽፉ። የቅሬ መሪዎች ከጎኑ ስልካችሁን ተዉልኝ። ለጻፋችሁት ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ሥራ ፈልጋችሁ የመጣችሁ ልጆችም ስልካችሁን ስጡኝ፤ የተገኘ እንደሆነም፣ ያልተገኘ እንደሆነም፣ ዓርብ ማታ እነግራችኋለሁ።